ጓዳዋን የጠበቀችው እናት፦ የልዕልት ካጉያን ፊልም አሳዳጊዋን ተከትሎ ለመመልከት

በጃፓን ጥንታዊ ተረክ ስለምትታወቀው ልዕልት ካጉያ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የልዕልቲቱ ነገር ብቻ ነው፤ በቀርከሃ ውስጥ መገኘቷ፣ ሊያገቧት የመጡትን አምስት መኳንንት የማይገኝ ነገር እያዘዘች መመለሷ፣ በመጨረሻም ወደ ጨረቃ መሄዷ። አሳዳጊ አባቷም ያገኛት እሱ ስለሆነ ድርሻው አይቀርበትም። አሳዳጊ እናቷን ግን ፊልሙን ሁለትና ሦስት ጊዜ ያዩ ሰዎች እንኳ እምብዛም አያነሷትም። ይህ መመሪያ ፊልሙን እሷን ተከትሎ ማየት ለሚፈልግ ሰው፣ በተለይም ከልጅ ወይም ከእናት ከአክስት ጋር አብሮ ለሚቀመጥ፣ ቀድሞ ምን ማወቅ እንደሚጠቅም፣ ዓይንን የት የት ላይ ማሳረፍ እንደሚገባና ነገሩን በአማርኛ እንዴት ማስረዳት እንደሚቻል ለመጠቆም የተዘጋጀ ነው።

«የልዕልት ካጉያ ተረክ» የጃፓኑ የአኒሜሽን ድርጅት ስቱዲዮ ጂብሊ የሠራው፣ ኢሳኦ ታካሃታ በዳይሬክተርነት የመራው የአኒሜሽን ፊልም ሲሆን በጃፓን ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 2013 ነው። በ2015 ለኦስካር ሽልማት በምርጥ የአኒሜሽን ፊልም ዘርፍ ታጭቶ ነበር፤ በ2018 ያረፈው ታካሃታም ከዚህ በኋላ ሌላ ረጅም ፊልም በዳይሬክተርነት አልመራም። ርዝመቱ 2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ስለሆነ ከትንሽ ልጅ ጋር በአንድ ቁጭታ መጨረስ አይመከርም። ለሁለት መክፈል ካስፈለገ ቤተሰቡ ከተራራው መንደር ተነሥቶ ወደ ዋና ከተማው የሚገባበት ቦታ ጥሩ መቁረጫ ነው፤ የእናቲቱ ሕይወትም ለሁለት የሚከፈለው እዚያው ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት መስተካከል ያለበት የአጠራሯ ጉዳይ ነው። አብሮዎት የሚያየው ሰው «ይቺ ሴትዮ ምኗ ናት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አፍ ላይ ቶሎ የሚመጣው «የእንጀራ እናት» የሚለው ቃል ነው፤ ይህን ቃል ግን ቢተዉት ይሻላል። አንደኛ ነገር ትክክል አይደለም፤ የእንጀራ እናት የአባት ሚስት ናት፣ እዚህ ደግሞ ባልም ሚስትም ልጂቱን አልወለዷትም። ሁለተኛ ነገር በተረቶቻችን የእንጀራ እናት ሲባል የምትታየን ክፉዋ ስለሆነች፣ ልጁ «አሁን ልትጨክንባት ነው» እያለ ሲጠብቅ ዋናው ነገር ያመልጠዋል። «አሳዳጊ እናት» ይበሉ። በፊልሙ ውስጥ መጠሪያዋ «ኦና» ነው፤ ትርጉሙ በጥንቱ ጃፓንኛ አሮጊት ማለት ብቻ ነው እንጂ የተጸውዖ ስም የላትም። በእኛ ቋንቋ ኦና ሰው የሌለበትን ቤት ስለሚያስታውስ ቃሉን የሰማ ፈገግ ይላል። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ፈገግ ብዬ ነበር፤ ፊልሙ ሲያልቅ ግን ቀልዱ ቀልድ መሆኑ ቀረ።

ቀጥሎ ፊልሙ የተነሣበትን ጥንታዊ ተረክ አጥንቱን ያህል እንኳ ማወቅ ይጠቅማል። «ታኬቶሪ ሞኖጋታሪ»፣ ማለትም የቀርከሃ ቆራጩ ተረክ፣ ከ1,000 ዓመት በላይ የቆየ ነው። በዚያ ተረክ ውስጥ ቀርከሃ ቆራጩ ሳኑኪ ኖ ሚያትሱኮ የሚባል ስም አለው፤ ሚስቱ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «አሮጊቲቱ» ናት። ባልየው ቁመቷ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነችውን ልጅ በእጁ ይዞ ይመጣና እንድታሳድጋት ለሚስቱ ያስረክባታል፤ በጣም ትንሽ ስለሆነችም በቅርጫት ውስጥ አድርገው ያሳድጓታል፤ በ3 ወር ውስጥ ለአቅመ ሔዋን ትደርሳለች። የማሳደጉ ነገር እንዲህ በጥቂት ቃላት ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ አሮጊቲቱ ብቅ የምትለው አልፎ አልፎ ነው። ከንጉሠ ነገሥቱ የተላከች እመቤት መጥታ ልጂቱን ልያት ባለች ጊዜ ገብታ የምትለምናት እሷ ናት፤ ካጉያ እምቢ ስትላት ግን፣ ተራኪው እንደሚለው፣ እንደ ወለደቻት ልጅ ብትሆንም እንዳሻት ልትጫናት አልቻለችም። የጨረቃ ሰዎች በሚመጡበት ሌሊት ደግሞ 1,000 ወታደር በአጥሩ ላይ፣ 1,000 ወታደር በጣሪያው ላይ ሆኖ ሲጠብቅ፣ አሮጊቲቱ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ልጇን አቅፋ ትቀመጣለች። መዝጊያው ማንም ሳይነካው ይከፈታል፤ ልጂቱ ከእቅፏ ትወጣለች፤ እሷም ልትይዛት እንደማይቻላት ሲገባት ሽቅብ እያየች ታለቅሳለች።

እንዴት እንደተረከበቻት፣ እንዴት ሳትጫናት እንደቀረች፣ እንዴትም እንዳቀፈቻት በአእምሮዎ ይዘው ወደ ፊልሙ ከገቡ፣ ታካሃታ ከጥንቱ ተረክ ምን ወስዶ ምን እንደጨመረ ራስዎ መለየት ይችላሉ። የጨመረው የሚበዛው ደግሞ በእናቲቱ በኩል ነው።

ፊልሙ ሲጀምር ጆሮዎን ለተራኪዋ ይስጡ። ታሪኩን የምትተርከውና እናቲቱን ሆና የምትናገረው ያችው አንዲት ተዋናይ፣ ኖቡኮ ሚያሞቶ ናት። ስለዚህ የጃፓንኛውን ድምፅ ሳይቀይሩ የግርጌ ጽሑፉን እያነበቡ ማየት ይሻላል፤ ጽሑፉን ማንበብ ለማይችል ሰውም ዝቅ ባለ ድምፅ እያስተረጎሙ መቀመጥ ይቻላል። ተዋንያኑ ድምፃቸውን የሰጡት ሥዕሉ ሳያልቅ አስቀድመው ነው፤ በዚህም ምክንያት የአባትዮውን ድምፅ የሠራው ታኬኦ ቺ ፊልሙ ለእይታ ከመብቃቱ ከአንድ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በ2012 ቢያርፍም በፊልሙ ውስጥ ይሰማል። ሥዕሉ ድምፁን የተከተለ ስለሆነ የእናቲቱ ትንፋሽና የትከሻዋ እንቅስቃሴ እንዴት እንደሚገጥሙ ያስተውሉ።

የመጀመሪያው ትልቅ ትዕይንት የጡቱ ነው፤ እዚህ ላይ አይቸኩሉ። አባት ትንሿን ልዕልት በመዳፉ ይዞ ቤት ይገባል፤ ሚስቱ ስትቀበለው ያቺ መዳፍ የምትሞላ ፍጡር በእጇ ላይ ሕፃን ሆና ማልቀስ ትጀምራለች። የምታጠባ ሴት የለችም፤ ሴትዮዋም ዕድሜዋ ገፍቷል። ሕፃኗን ታቅፋ ጡት የምትሰጥላት እናት ፍለጋ ትወጣለች፤ መንገድ ላይ ልጂቱ ጡት ጡት ስትል ጊዜ ትቀመጥና ደረቷን ትከፍትላታለች። ያኔ የደረቀው ጡቷ ወተት አጋተ። ስለዚህ ነገር ማብራሪያ አይሰጥም፤ ታሪኩ ወደ ፊት ይቀጥላል፣ ልጂቱም ማደግ ትጀምራለች።

እኔ ይህን ፊልም ያየሁት ከአክስቴ ጋር ነው። እዚህ ቦታ ላይ ስንደርስ «አቁመው እስቲ» አለችኝ፤ ነጠላዋን አስተካክላ ጥቂት ካሰበች በኋላም «የጡት ልጇ ናት በለኛ!» አለች። ከእሷ በኋላ ይህን ትዕይንት የምገልጽበት ሌላ ቃል አልፈለግሁም። በአገራችን የሥጋ ዝምድና የሌላቸው ሰዎች በጡት ምልክት ወላጅና ልጅ የሚሆኑበት ልማድ እንደነበረ ታላላቆቻችን ያውቃሉ፤ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ የገባው «ጉዲፈቻ» የሚለው ቃልም የሌላውን ልጅ እንደ ራስ ልጅ አድርጎ ማሳደግን ያመለክታል። ልዩነቱ በእኛ ልማድ ጡቱ የቃል ኪዳን ምልክት ሲሆን በፊልሙ ግን ወተቱ እውነተኛ ወተት መሆኑ ነው። ከታላቅ ሰው ጋር ካዩ ፊልሙን እዚህ ላይ ቆም አድርገው ይጠይቁ፤ በየቤቱ የጡት ልጅ የነበረ አንድ ዘመድ አይጠፋምና ጨዋታው ከፊልሙ ሊበልጥ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ባለው የመንደር ክፍል እናቲቱን መከታተል ቀላል ነው። ቤቱ ትንሽ ስለሆነ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ይታያል። ልጂቱ በሳቀችና በዳኸች ቁጥር ዓይናቸው እያየ ታድጋለች፤ የመንደሩ ልጆች ታኬኖኮ፣ ማለትም የቀርከሃ ቡቃያ፣ እያሉ ሲጠሯት አባቷ ደግሞ «ሂሜ»፣ ልዕልት፣ እያለ ይጣራል። ስለ ሁለቱ ስሞች የሚደረገውን ፉክክር ልጆች በጣም ይወዱታል፤ እርስዎ ግን በዚህ መሀል እናቲቱ የማንን ወገን እንደያዘች ይፈልጉ። የማንንም አልያዘችም፤ ሥራዋ ልጂቱን መመገብ፣ ማልበስና ማስተኛት ነው።

ዋናው ነገር ያለው በዋና ከተማው ክፍል ነው። አባትየው ቀርከሃ ሲቆርጥ ወርቅና ውድ ጨርቅ ያገኛል፤ ሰማይ ልጂቱን እንደ ልዕልት አሳድጋት እያለኝ ነው ብሎ ያምንና በከተማው ትልቅ ቤት ያሠራል። ልጂቱን ሥርዓት የምታስተምር ሳጋሚ የተባለች እመቤት ትመጣለች፤ ቅንድብ መንቀል፣ ጥርስ ማጥቆር፣ ተንበርክኮ መሄድ ይመጣል። ይህን ክፍል ለማስረዳት ከአማርኛ ሁለት ቃላት ይበቃሉ፤ እልፍኝና ጓዳ። አባት ሙሉ ለሙሉ ወደ እልፍኙ ይገባል፤ እንግዳ ይቀበላል፣ ማዕረግ ይመኛል፣ ድግስ ይደግሳል። እናት ደግሞ በዚያ ሰፊ ቅጥር ግቢ ውስጥ ጥግ ፈልጋ የቀድሞ ቤታቸውን የመሰለ ጓዳ ታበጃለች፤ ምድጃ አለ፣ የሽመና ዕቃ አለ፣ ከጎኑም ጓሮ አለ። ካጉያ እልፍኙ ሲጨንቃት የምትሸሸው ወደዚህ ነው፤ ጓሮው ውስጥም ያደገችበትን ተራራና መንደር አሳንሳ ትሠራለች።

ፊልሙን ሁለተኛ ጊዜ ሲያዩ አንድ ነገር ይሞክሩ፤ ካጉያ ከእልፍኝ ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ እልፍኝ በተመላለሰች ቁጥር በወረቀት ላይ ምልክት ያድርጉ፤ አጠገቡም የልብሷን ዓይነት፣ ጮክ ብላ መሳቋን አለመሳቋንና የእናቷ እጅ በዚያ ሰዓት ምን እንደያዘ ይጻፉ። ከልጆች ጋር ከሆነ ጨዋታ ይሆንላቸዋል። ወረቀቱ ሲሞላ የሚታየው ነገር ከብዙ ንግግር ይልቅ ስለሚያስረዳ ትርጓሜውን አስቀድመው አይንገሯቸው።

እጆቿን እንዲያዩ የማሳስበው ያለ ምክንያት አይደለም። ፊልሙ የተሣለው የከሰል መስመርና ስስ የውሃ ቀለም በሚመስል መንገድ ሆኖ የወረቀቱ ነጭ በብዙ ቦታ ባዶውን ይተዋል፣ ማለትም ሳይቀባ ይቀራል፤ መስመሩም አንዳንዴ ሳይጋጠም ይቀራል። እንዲህ ባለ ሥዕል ውስጥ ሠዓሊው የመረጠው ነገር ብቻ ነው የሚታየው። ፊቷ ብዙ ጊዜ በሁለት ሦስት መስመር ያበቃል፤ እጇ ግን እየፈተለ፣ እየሸመነ፣ ማዕድ እያዘጋጀ ይሠራል። በእኛ ዘንድ በልማድ የሚፈትሉት ሴቶች፣ የሚሸምኑት ወንዶች ስለሆኑ አሮጊቲቱን በሽመና ዕቃው ላይ ማየት ለአንዳንድ ታላላቆች እንግዳ ይሆንባቸዋል፤ አክስቴም «ሸማኔ ናት እንዴ?» ብላ ጠይቃኛለች። በጥንቷ ጃፓን ግን ሽመና የሴቶችም ሥራ ነበር፤ ይህን አስቀድሞ መናገር ነው።

ወደ ፍርድ ስንመጣ፣ ይህችን ሴት ደግ ናት ብሎ ማለፍ በቂ አይመስለኝም። ልጂቱ ደስተኛ አለመሆኗን ከባሏ ቀድማ የምታየው እሷ ናት፤ ያን ሁሉ እያየች ግን ወደ ከተማው አብራ ሄዳለች፣ ድግሱንም ሳጋሚንም አልከለከለችም። ለሦስት ቀን በሚቆየው የስም ማውጫ ድግስ ላይ ልጂቱ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ የሰካራሞችን ስድብ ስትሰማ ጓዳው አላዳናት። ከልጆች ከፍ ካሉ ወጣቶች ጋር ሲያዩ ይህን ጥያቄ ሳያለሰልሱ ያቅርቡት፦ ዝም ያለ ደግነት ምን ያህል ደግነት ነው? በበኩሌ ባሏን በግልጽ ብትቃወም ኖሮ እመርጥ ነበር፤ ይሁንና ልትመልሰው ባልቻለችው ቤት ውስጥ አንዲት ጥግ ነጥቃ ለልጇ ማስቀረቷን አላቃልለውም። አክስቴ በዚህ አትስማማም፤ «ጓዳ ያለው ሰው ምን ጎደለው» ባይ ናት።

ታሪኩን በአማርኛ ለልጅ እንደገና መተረክ ካስፈለገ አንቺታና አንቱታን እንደ መሣሪያ መጠቀም ይቻላል፤ ይህ የግርጌ ጽሑፉ የማይሰጠው ጥቅም ነው። በመንደሩ ክፍል አባትም እናትም ልጂቱን አንቺ ይበሏት። ከተማ ከገቡ በኋላ አባትየው «ልዕልቴ፣ ይነሡ፣ እንግዶች መጥተዋል» እያለ ወደ አንቱታ ይዙር፤ እናቲቱ ግን እስከ መጨረሻው «ነይ፣ ብዪ፣ ተቀመጪ» ከማለት አትውጣ። ልጁ ማንም ሳያስረዳው ማን እንደራቃትና ማን እንዳልራቃት ይሰማዋል።

ከወላጆቹ ውጭ በሌላ ሰው እጅ ከሚያድግ ልጅ ጋር የሚያዩ ከሆነ ትንሽ ጥንቃቄ ያሻል። መጨረሻውን አስቀድመው ይንገሩት፤ ከጨረቃ የመጡ ሰዎች ልጂቱን እንደሚወስዷት፣ አሳዳጊዎቿ ማስቀረት እንደማይችሉ በቀላል ቃል ይግለጹለት። ሳይነገረው ከደረሰበት «እኔንም መጥተው ይወስዱኛል?» የሚል ፍርሃት ሊያድርበት ይችላል፤ ጥያቄውን ካነሣም በተረቱ ምሳሌ ሳይሆን በራሱ ቤት እውነት ይመልሱለት፤ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ነገ ጠዋት ማን እንደሚቀሰቅሰው ይንገሩት። «አየህ፣ አንተም እንደ እሷ ነህ» ብሎ ማመሳሰል ግን አይገባም፤ ማመሳሰሉን ልጁ ከፈለገ ራሱ ያደርገዋል፣ ካልፈለገም ስለ ጨረቃና ስለ ደመናው ሠረገላ ብቻ ያውራ። ፊልሙን ከመጨረሻው በፊት አቁሞ ሌላ ቀን መቀጠልም ነውር የለውም።

የመለያያው ትዕይንት ሲመጣ ድምፁን አይቀንሱ። የሰማይ ሰዎች በደመና ላይ ሆነው ደስ የሚል ሙዚቃ እየተጫወቱ ይወርዳሉ፤ ጠባቂዎቹ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ሐዘኑን የሚያከብደው ይህ የሙዚቃው ደስታ ነው፤ ሙዚቃውን የደረሰው ጆ ሂሳይሺ ነው። ካጉያ ምድርን የሚያስረሳው ልብስ ከመደረቡ በፊት ወደ አሳዳጊዎቿ ተመልሳ ታቅፋቸዋለች። እዚህ ላይ ብዙ ተመልካች የሚያየው የልጂቱን ፊት ነው፤ እርስዎ ግን ዓይንዎን ከእናቲቱ ክንድ ላይ አያንሡ፤ ከጥንቱ ተረክ የተቆለፈው ክፍል ውስጥ ያለችው አሮጊት እዚህ አለችና። ልብሱ ከተደረበ በኋላ ካጉያ ዞር ብላ ምድርን ታያለች፤ ፊቷ ላይም እንባ አለ። ጥንታዊው ተረክ ከዚህ አልፎ ስለ ንጉሠ ነገሥቱና በፉጂ ተራራ ላይ ስለ ተቃጠለው የዘላለም ሕይወት መድኃኒት ያወራል፤ ፊልሙ ይህን ሁሉ ትቶታል።

ስሞቹ መውረድ ሲጀምሩ ቴሌቪዥኑን ለመዝጋት አይነሡ፤ የዘፋኟ የካዙሚ ኒካይዶ መዝሙር እስኪያልቅ ይቀመጡ፤ አብሮዎት ያለው ሰው መናገር ከፈለገ የሚናገረው በዚህ ጊዜ ነው። አክስቴ ከብዙ ዝምታ በኋላ የጠየቀችኝ ስለ ልዕልቲቱም ስለ ጨረቃም አልነበረም። «ያ ሽመና ዕቃው ላይ የቀረውን» አለች፣ «ድሩን ማን ይጨርስላታል?»